የመሬት ሽቦ

ሃያ ስድስት ዓመት ግድግዳ ስለስን ኖሬያለሁ። ከጉና እግር እስከ ይፋግ ድረስ፣ ገብቶ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበስ አድርጎ «ይሄ የይሻው እጅ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። በዚህ ሁሉ ዓመት ልስኔን በመዶሻ የሰበረብኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሷም ልክ ነበረች። የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ጥፋተኛ ብትሆን ኖሮ ሰድቤያት ነገሩን እረሳው ነበር።

ስመኝ ትባላለች፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናት። ደብረ ታቦር ላይ ስለ እሷም ስለ እኔም የሚወራው አብዛኛው ውሸት ነው። እሷን «ግድግዳ የምታፈርስ እብድ» ይሏታል፤ እኔን «ሲሚንቶ የሸጠ ሌባ» ይሉኛል። ወሬኛ ሁሉ አፉን ይያዝልኝና እንዴት እንደነበረ እኔው ልናገር።

ስመኝ ከአንበሳሜ ወጣ ካለ ቀበሌ የተወለደች የገበሬ ልጅ ናት። አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ደብረ ታቦር ሙያ ልትማር ስትገባ፣ ዘመድ ሁሉ «ሴት ልጅ ምሰሶ ላይ ልትወጣ ነው?» ብሎ ስቆባታል። አባቷ ብቻ አልሳቁም። እሷ ገና አንድ ዓመት እንደተማረች መብራት ወደ ቀበሌያቸው ገባ። አባቷም «ልጅ እያለችኝ ሌላ ሰው ሽቦዬን አይነካም» አሉና ለእሷ ሰጧት። ስመኝ አንዱን መስመር ለቤቱ፣ አንዱን ለበረቱ ዘረጋች። ሁለት ሁለት ሽቦ። አምፖሉ በራ፣ ሰፈሩ መጥቶ አየ፣ አባቷ ሰው ፊት መረቋት።

ክረምቱ መጣ። በበረቱ ቆርቆሮ ጠርዝ ላይ ያለፈው ሽቦ በነፋስ ሲፋቅ ሲፋቅ ልባሱ ተበላ። አባቷ ዳልቻ በሬ ነበራቸው፤ ጠዋት ጠዋት ከበረት ሲወጣ ጎኑን ቆርቆሮው ላይ የሚያክ። አንድ ጠዋት እንደልማዱ ሊታከክ ጠጋ አለና እዚያው ተዘረረ። አባቷ በዚያ ዓመት በመቀናጆ አረሱ፤ የቀራቸውን አንድ በሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር ጠምደው፣ ተራ እየጠበቁ፣ ዝናቡ እያለፈባቸው። ለልጃቸው አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩም። ቀበሌው ግን ተናገረላቸው፤ «በሬ ገዳይ» የሚል ስም አወጣላት። ዛሬም ገበያ ላይ እንደዚያ የሚጠራት አለ።

ይህን ራሷ ናት የነገረችኝ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ አንዱን መስመር ሦስቴ ስትፈትሽ አይቼ «አንቺ ልጅ፣ ሽቦ ነው እንጂ የወርቅ ሐብል አይደለም፣ ይሆናል በቃ!» ብዬ አሾፍኩባት። ጎራሽ እጇን አቆመችና፦

«አያ ይሻው፣ 'ይሆናል' ያልኩ ቀን በሬ ገድያለሁ» አለችኝ። ከዚያ ታሪኩን ተረከችልኝ። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ አላሾፍኩባትም።

እንግዲህ አብረን የገባንበት ሥራ የእናቶች ማቆያ ነበር። ከደብረ ታቦር ወደ ጉና ሲወጣ ካለች አንዲት ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ፣ ዘጠኝ ክፍል። ከሩቅ ጎጥ የሚመጡ እርጉዞች ምጣቸው እስኪቃረብ የሚያርፉበት ቤት ነው። ቀድሞም ማቆያ ነበረ፤ ባዶውን ነበር የሚከርመው። ሴቶቹ አንድ ሌሊት ያድሩና ብርዱ አጥንታቸው ሲገባ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። መንገድ ላይ የወለዱ አሉ፤ መንገድ ላይ የቀሩም አሉ። የጉና ብርድ ቀልድ አያውቅም።

ስለዚህ አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ላከ። እንደሌላው ማሞቂያ የሚቆም አይደለም፤ ረዘም ያለ ነጭ ብረት ነው፣ ከግድግዳው ሥር፣ ከወለሉ ስንዝር ሳይሞላ ከፍ ብሎ ተጋድሞ የሚታሰር። የቀን ሠራተኞቹ ወዲያው «ጋደሜ» ብለው ሰየሙት። አልጋው ከጎኑ ነው። ታጥባ የገባች ሴት እርጥብ እጇን የምታሞቅበት፣ ባዶ እግሯን የምታስጠጋበት ብረት ነው።

የጋደሜ ሽቦ የሚቀበረው ግድግዳ ሳይለሰን ነው። ስመኝ ብሎኬቱ ላይ በመሮ ቦይ እየፈለፈለች፣ ከማከፋፈያው ሳጥን እስከ እያንዳንዱ ክፍል ለየራሱ መስመር አወጣች። ለአምፖል የሚሆነውን ቀጭን ሽቦ አላስነካችም። «ጋደሜ እንደ አምፖል በጭላጭ አይጠግብም፣ በላተኛ ነው፤ ቀጭን ሽቦ ከሰጠኸው ሽቦውን ራሱን ይበላዋል» ትል ነበር ለቀን ሠራተኞቹ። ቱቦውን በቦዩ ውስጥ ታስተኛለች፣ ሽቦውን ትስባለች፣ ማሞቂያው በሚታሰርበት ቦታ ክንድ የሚያህል ጫፍ አስተርፋ ትጠቀልላለች። የእኔ ተራ ከዚያ በኋላ ነው፤ ልስኑን አለብሰዋለሁ፣ ከዚያ ወዲያ የእሷን ሥራ ማንም አያየውም።

የመጣው ቱቦ ቀጭን ነበር፤ ከሁለት ሽቦ በላይ አይወስድም። እሷ ደግሞ ሦስት ሽቦ ትፈልጋለች። ስለዚህ ቦዩን ሰፋ አድርጋ ፈልፍላ፣ ለሦስተኛው ሽቦ ጎን ለጎን ቦታ ትታ ጠበቀች። ሦስተኛው ሽቦ አልመጣም።

ለምን እንዳልመጣ ስሙ፤ ስሙና እንደ እኔ ደማችሁ ይፍላ። ስመኝ በግዢ ዝርዝሩ ላይ እንደማንኛውም ባለሙያ «አርዝ» ብላ ጽፋ ነበር። የሥራው አስተባባሪ አቶ ዳኛቸው የሚባል፣ ኮቱን በብርድም በፀሐይም የማያወልቅ ሰው፣ «ሰነድ በአማርኛ ይሁን» አለና ጸሐፊዋ «የመሬት ሽቦ» ብላ ተረጎመችው። መልካም። ዝርዝሩ ዞሮ ዞሮ ለፊርማ እሱው ጠረጴዛ ላይ ሲመለስ፣ ራሱ ዳኛቸው ቀይ እስክሪብቶ አንሥቶ ሰረዘውና ከጎኑ እንዲህ ብሎ ጻፈበት፦ «ሽቦው የሚያልፈው በግድግዳ ስለሆነ፣ መሬት ውስጥ የሚቀበር ሽቦ አያስፈልግም።»

ወረቀቱን በዐይኔ አይቼዋለሁ። ስመኝ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ጠፋና መዶሻዋን ወለሉ ላይ ወረወረችው።

እውነቱን ልናገር፤ እኔም ያን ጊዜ የመሬት ሽቦ ማለት መሬት የሚቀበር ሽቦ ይመስለኝ ነበር። ጠየቅኳት። እንዲህ አለችኝ፦

«አያ ይሻው፣ ኮረንቲ መንገዱን ሲስት ወደ መሬት መግባት ይፈልጋል። መሬት የምንለው መድረሻውን ነው እንጂ ሽቦው የሚቀመጥበትን አይደለም። አንድ ቀን ከውስጥ አንዱ ሽቦ ላላ ብሎ ብረቱን ቢነካ፣ ሦስተኛው ሽቦ ካለ በእሱ ይወርድና መስመሩን ያጠፋዋል። ከሌለ ብረቱን በነካው ሰው በኩል ይወርዳል። ዳልቻው የሞተው ለዚህ ነው።»

ሴትዮዋ አስተማሪ ብትሆን ኖሮ እኔም ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እሆን ነበር። እንዲህ አጥርታ ለዳኛቸውም ነገረችው። ሦስት ጊዜ ቢሮው ሄደች። አንደኛውን ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባለች። ሁለተኛውን «መንገድ ዝግ ነው፣ ዕቃ ከየት ይመጣል?» አላት። በሦስተኛው «የእኔ ቤት በሁለት ሽቦ ነው የሚሠራው፤ ይኸው አልሞትኩም» አላት። የፈረመ ሰው ስሕተቱን ከሚውጥ አንድ ጥቅል ሽቦ እንዳለ ቢውጥ ይቀለዋል። ደግሞ የምረቃው ካርድ ታትሟል፤ ከላይ እንግዳ ይመጣል፤ ቀኑ ሐሙስ ነው ተብሏል። ሐሙስ ለእሱ ከሰው ነፍስ በላይ ነበር።

በዚህ መሐል የስመኝ አጎት አንበሳሜ ላይ ዐረፉ። ለቅሶ ነው፣ አይቀርም። ሰኞ ማለዳ ጥቁሯን ለብሳ፣ ከመሄዷ በፊት ወደ እኔ መጣች። አሸዋ እያስነፋሁ ነበር።

«አያ ይሻው፣ ሣልስቱን ውዬ ሐሙስ እመለሳለሁ። ግድግዳውን እንዳይዘጉብኝ። ሦስተኛው ሽቦ ሳይገባ ከተዘጋ ማንም አይከፍተውም። አደራ።»

«እግዜር ያጥናሽ። ሂጂ፣ አልነካውም» አልኳት።

አደራ አለችኝ። እኔም ተቀበልኩ። እኛ አገር አደራ በላ የተባለ ሰው ልጁን ለመዳር እንኳ ይቸግረዋል። ይህን አውቃለሁ፤ ሕፃን አይደለሁም።

ማክሰኞ ዳኛቸው መጣ። «አንተ፣ ለምን ቆመሃል?» አለኝ። አንተ! ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። ስመኝ አደራ እንዳለችኝ ነገርኩት። «ከእሷ ጋር ተነጋግረናል፣ በስልክ ተስማምታለች፣ ሽቦው በሁለተኛው ምዕራፍ ይገባል» አለ። ሁለተኛ ምዕራፍ የሚባል ነገር እንደሌለ ለማወቅ ምዕራፍ መቁጠር አያስፈልግም ነበር። «እምቢ ካልክ ከጋይንት ለሳኝ አስመጣለሁ» ብሎ ጨመረ። እኔም ወደ ስመኝ ልደውል ስልኬን አወጣሁ፤ ለቅሶ ቤት ነው ብዬ መልሼ ከተትኩት። ውሸቴን ነው። ያልደወልኩት ለቅሶ አክብሬ አይደለም፤ መልሷን ስለማውቀው ነው።

ለሰንኩ። ማክሰኞና ረቡዕ ሦስት ክፍል ዘጋሁ። ብሎኬቱን በደንብ አጠጥቼ፣ ሲሚንቶውን አንድ ለሦስት አቡክቼ፣ መስተዋት አስመስዬ። ለኃጢአቴ እንኳ ጥሩ እጅ ሰጠሁት።

ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ምረቃው ገና አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ስመኝ ከሚኒባስ ወርዳ በቀጥታ መጣች፤ ጥቁሯን እንኳ አላወለቀችም። አንደኛው ክፍል ገባች። ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰች፤ ገና እርጥብ ነበር። ዞር ብላ አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«አያ ይሻው፣ አደራ ብዬዎት ነበር» አለች። ቦርሳዋን ከፍታ መሮና መዶሻ አወጣችና ልስኔን ገጨችው።

ጮኽኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልደረሰብኝን! «አንቺ ሴት፣ አበድሽ እንዴ? የእኔን ግድግዳ!» ብዬ ክንዷን ያዝኩ።

«ግድግዳው የእርስዎ ነው፤ ከግድግዳው ኋላ ያለው የእኔ ነው» አለችና ክንዷን መነጨቀችኝ። መታችው። ከዳር እስከ ዳር ቦዩን ከፈተችው። እኔ እዚያው ቆሜ ፍርስራሹን አያለሁ።

ጩኸቱን ሰምተው ሁሉም መጡ፤ ዳኛቸውም፣ የጤና ጣቢያዋ ኃላፊ ሲስተር እፀገነትም። ዳኛቸው ሊቆጣ አፉን ሲከፍት ስመኝ ቀደመችው። አንዱን ጋደሜ ከካርቶኑ አወጣች፣ ከጤና ጣቢያው ለሥራ ከተሳበው መብራት ላይ ቀጠለችው፣ ከዚያ ከውስጥ አንዱን ሽቦ ሆን ብላ አላልታ ብረቱን አስነካችው። መፈተሻ ካቻቢቴዋን ነጩ ብረት ላይ ስታስጠጋ እጀታው ውስጥ ያለችው መብራት ቦግ አለች።

«አቶ ዳኛቸው፣ በሁለት ሽቦ ይሠራል ብለውኛል። ይኸው እየሠራ ነው፤ ይሞቃል። እጅዎን አርጥበው ይንኩት» አለችው።

ዳኛቸው እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ከተተ። ሁለቱንም እጆቹን። ያን ኪስ እስክሞት አልረሳውም፤ ያውቃል ማለት ነው! አሁን ያውቃል! እስካሁን ባለማወቅ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን አውቆ ነው።

«ይሄ ሆን ተብሎ የተፈጠረ ብልሽት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺ ንብረት አውድመሻል። ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ግቢ ውጪ። ሥራውን የሚጨርስ ሌላ ሰው አለ።» ወደ እኔ ዞሮ፦ «አንተ፣ የፈረሰውን ድፈን። የቀሩትን ስድስቱን ዝጋ።»

ስመኝ መስመሩን አጥፍታ፣ ያላላችውን ሽቦ መልሳ አጥብቃ ዕቃዋን ሰበሰበች። በር ላይ ሲስተር እፀገነትን ጠጋ ብላ «ሦስት ሽቦ ሳታዪ እንዳትረከቢ» ስትላት ሰማሁ። በእኔ በኩል ስታልፍ ዐይኗን እንኳ አልጣለችብኝም።

ሲስተር ዝም ያለች ሰው አይደለችም። እዚያው ፊቴ ስልኳን አንሥታ ወደ ላይ ደወለች። ለአንዱ ነገረች፣ ወደ ሌላው አስተላለፏት፣ ለሌላውም ነገረች። በመጨረሻ ስልኳን ዘግታ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለች።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«በርክክብ ቀን በዐይን የሚታይ ጉድለት ካለ ያኔ ይመዝገብ፤ ከዚያ በፊት ሥራ አይደናቀፍ አሉ። ጋሼ ይሻው፣ ያኔማ ግድግዳው ተዘግቷል። የተዘጋን በምን ዐይኔ ላየው ነው?»

ይህን ብላ ሄደች። እኔ እዚያው ቀረሁ። ባሬላው ተገልብጧል፣ የምለስንበት ማንኪያዬ ደርቋል። በዐይን የሚታይ ጉድለት። በርክክብ ቀን። ይህን ቃል ደጋግሜ አላመጥኩት። ለካ ግድግዳው በርክክቡ ቀን፣ በምረቃው ዕለት፣ ራሱን መክፈት ነው ያለበት። ግድግዳ ራሱን እንዳይከፍት የሚያደርገው ደግሞ ማነው? እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ሥራ ጀመርኩ። ረዳቶቼን «ብርድ ነው፣ እናንተ አሸዋ አመላልሱ፣ ማቡካቱን እኔ እይዘዋለሁ» አልኳቸው። ሲሚንቶ አንድ፣ አሸዋ ዘጠኝ። አንዳንዱ ላይ ዐሥርም ደርሷል። ብሎኬቱን ውኃ አላጠጣሁትም፤ ደረቁ ብሎኬት የልስኑን ውኃ ምጥጥ አድርጎ እንዲጠጣው። ከለሰንኩም በኋላ አላጠጣሁትም። ቦዩ ላይ ስደርስ ደግሞ ያው አሸዋ ነው፤ ሲሚንቶውን ከላይ ስስ አድርጌ ቀባሁት፣ ፊቱን ለማሳመር ብቻ። እጄ እምቢ ይለኝ ነበር፤ ማንኪያው ልማዱን እየፈለገ ይሸሻል። ሃያ ስድስት ዓመት የተማርኩትን እየገለበጥኩ ሠራሁት። ስድስት ክፍልና የፈረሰውን አንዱን። የተረፈውን ሲሚንቶ ከነከረጢቱ መጋዘን ውስጥ ደርድሬ ሸራ አለበስኩት። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ለሚስቴ ለጌጤም። ዳኛቸው መጥቶ አየና «ጎበዝ!» አለኝ።

ከከተማ የመጣው ሌላው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ማሞቂያዎቹን በሁለት በሁለት ሽቦ አሰረና ሄደ።

የምረቃው ሐሙስ ደረሰ። ወለሉ ላይ ለምለም ሣር ተጎዘጎዘ፣ በሩ ላይ ሪባን ታሰረ። እንግዶቹ ሲገቡ ሞቅ ብሎ እንዲጠብቃቸው ዳኛቸው ዘጠኙንም ጋደሜ ከማለዳ ጀምሮ አስለኮሰ። እዚህ ላይ ነፍሴ ወጣች። ያሰብኩት ሙቀቱ አሸዋውን እንዲያደርቀው ነው፤ ያላሰብኩት ሰው ቀድሞ ብረቱን ቢነካስ የሚለውን ነው። ከክፍል ክፍል እየዞርኩ «ያቃጥላል፣ አትንኩ! ያቃጥላል!» እያልኩ ሰው ስገፋ ዋልኩ። ሰው ሰክሬያለሁ ብሎኛል።

እንግዳው፣ ረዘም ያሉ ሽማግሌ፣ አጀባቸውን አስከትለው አራተኛው ክፍል ውስጥ ቆመው ስለ እናቶች ጤና እየተናገሩ ነበር። ከጋደሜው በላይ ያለው ልስን መጀመሪያ እንደ ቂጣ ነፋ። ከዚያ ስንጥቅ አለ። ከዚያ አንድ ክንድ የሚያህል ግድግዳ ዝርግፍ ብሎ ሣሩ ላይ ፈሰሰ። ሌላውም ተከተለ። ከጎረቤት ክፍልም ሲረግፍ ይሰማል። አሸዋው ወርዶ ሲያልቅ ቦዩ ወለል ብሎ ታየ፤ ስመኝ ሰፋ አድርጋ የፈለፈለችው ቦይ፣ አንድ ቀጭን ቱቦ፣ ጎኑ ባዶ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ እንግዳው።

ዳኛቸው «የለሳኙ ጥራት ጉድለት ነው፣ እርምጃ ይወሰድበታል» አለ ቀልጠፍ ብሎ። ሲስተር እፀገነት ግን ወደ ፊት ወጣች። ሣሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ጎንበስ አለችና ቦዩን በጣቷ አመለከተች።

«ሦስተኛው ሽቦ የት አለ?» አለች፣ ጮክ ብላ፣ ምረቃውን ሊቀርጽ በመጣው ካሜራ ፊት። «ይሄ ብረት እናቶችን የሚገድል ነው። በዐይን የሚታይ ጉድለት ነው፤ አልረከብም፣ አልፈርምም።»

መስመሩ ወዲያው ጠፋ። ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሼን አወጣሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰው ሁሉ ያውቃል። ያ መንገድ ዝግ ነው የተባለለት፣ የለም የተባለው የመሬት ሽቦ በሁለት ቀን ከባሕር ዳር መጣ። በሁለት ቀን! ምን እንደጎደለው አያችሁ? አንድ ሰው «ተሳስቻለሁ» ማለት ብቻ ነበር የጎደለው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ዳኛቸው ግን ሲያፈስ እንጂ ሲለቅም ማንም አላየውም። ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረ፤ ሌላ ቦታ ሌላ ዝርዝር ላይ በቀይ እስክሪብቶው ይሰርዛል። እኔን ግን ከተማው በሙሉ ሲሚንቶ ሸጠ አለኝ። «አሸዋው» የሚል ስም ወጣልኝ። ቤቱን ያስለሰንኩለት ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ግድግዳውን በጥርጣሬ ሊያንኳኳ ይሮጣል። ጌጤ እንኳ አንድ ቀን «እውነት ሸጥከው?» አለችኝ። ስመኝ ሰው ሆና ስትናገር ማን ሰማት? ግድግዳ ሲረግፍ ግን ሁሉም ሰማ። እስካሁን የሚያቃጥለኝ የሌብነት ስሙ አይደለም፤ ይሄ ነው።

ስመኝን መልሰው ጠሯት። መጣች፤ ከእኔ ጋር አልተነጋገረችም። ደህና አድርጌ የዘጋኋቸውን ሁለት ክፍሎችም ሰብራ ከፈተቻቸው፤ አሁን አልጮኽኩም፣ ፍርስራሹን እኔው አወጣሁ። ሦስተኛውን ሽቦ፣ አረንጓዴና ቢጫውን፣ በዘጠኙም ክፍል ጎን ለጎን አስተኛችው። ከግቢው ጥግ የብረት ዘንግ መሬት አስቀበረችና አገናኘችው። «አሁንስ እውነትም መሬት ተቀበረ» ብዬ ልቀልድ ፈለግኩ፤ ድፍረት አጣሁ።

በመጨረሻው ቀን መጋዘን ውስጥ መሰላል ልታነሣ ገባች። እኔ በር ላይ ማንኪያዬን እያጠብኩ ነበር። ሸራውን ስትገልጠው አየኋት። ከረጢቶቹ እንደተሰፉ፣ አንዱም ሳይጎድል ተደርድረዋል። ቆመች። ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ ተመልሳ ከረጢቶቹን አየች።

ሸራውን መልሳ አለበሰችውና መሰላሉን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወጣች። በአጠገቤ ስታልፍ ቆም አለች።

«አያ ይሻው፣ አሸዋው ሆነው ቀሩ እኮ» አለች።

«አንቺስ በሬ ገዳይ አይደለሽ?» አልኳት።

ሳቋ መጣ፤ ከዚያ ዐይኗ እንባ ሞላ፤ በክንዷ ጠረገችው። ወደ አንደኛው ክፍል በአገጯ አመለከተችኝ፣ ቦዩ ተከፍቶ ሦስቱም ሽቦዎች ወደሚታዩበት።

«አሁን ይዝጉት» አለችኝ። «አደራ።»

ሲሚንቶ አንድ፣ አሸዋ ሦስት አቦካሁ።